ፊግማ ከደንበኞች አገልግሎት ተነሥቶ በኮድ በኩል ወደ ዲዛይን ለመጣ ባለሙያ፦ ግምገማ

የመተግበሪያና የድረ ገጽ ገጾች የሚነደፉበት ፊግማ፣ ኮድ ጽፎ ለሚያውቅ ዲዛይነር በልኩ የተሰፋ መሣሪያ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የደንበኛን አቤቱታ ሲቀበል ለኖረ ሰው ግን የሥራውን ከባድ ግማሽ ለራሱ ትቶለት ያልፋል። ይህን የምለው በሁለቱም በኩል ስላለፍሁ ነው። መጀመሪያ በደንበኞች አገልግሎት ክፍል ስልክ እያነሣሁና የጽሑፍ ጥያቄ እየመለስሁ ሠራሁ፤ ቀጥሎ የመተግበሪያዎችን ተጠቃሚው የሚያየውን ክፍል በኮድ ስጽፍ ቆየሁ፤ ወደ ፕሮዳክት ዲዛይን፣ ማለትም መተግበሪያው እንዴት እንደሚታይና እንደሚሠራ ወደ መንደፍ፣ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የመዘንሁት በሁለት ጥያቄዎች ነው፤ አንደኛው ደንበኛው ሲቸገር የሚያነሣውን ጥያቄ አስቀድሞ ለማየት ምን ያህል ያግዛል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የተነደፈው ነገር ወደ ኮድ ሲለወጥ ምን ያህሉ ሳይጎድል ይደርሳል የሚል ነው። ሥዕሉ ያምራል ወይስ አያምርም የሚለውን ሌሎች በበቂ ጽፈውበታል።

ይህ የሙያ መንገድ ከውጭ ለሚያየው ጠመዝማዛ ቢመስልም፣ ላለፈበት ሰው እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው የሚወለድ ነው። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲደጋገምበት መጀመሪያ የተዘጋጀ መልስ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ጥያቄው የሚመነጨው ከየትኛው ገጽ እንደሆነ መለየት ይጀምራል፤ ከዚያም የቴክኒክ ክፍሉ ችግሩን ለማጣራት የሚፈልገውን ሁሉ፣ ማለትም ደንበኛው የያዘውን የስልክ ዓይነት፣ የመተግበሪያውን ስሪት፣ ስህተቱ የታየበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የተነኩትን አዝራሮች፣ በቅደም ተከተል መጻፍ ይለምዳል። ይህን የለመደ ሰው ከፕሮግራመር ሙያ ዋናውን ነገር ይዟል፤ ስህተትን ሆን ብሎ እንደገና ማስከሰት ይችላል። ኮድ መጻፍ ሲጀምር ደግሞ ከሚቀርቡለት ስህተቶች ብዙዎቹ በኮዱ ውስጥ አለመኖራቸውን ያያል፤ ኮዱ የታዘዘውን በትክክል ይሠራል፣ የታዘዘው ነገር ግን ደንበኛው የጠበቀው አይደለም። ወደ ዲዛይን የሚገፋው ይህ ግኝት ነው፤ የሚያርመው ነገር ያለው ትእዛዙ በሚጻፍበት ቦታ ነውና።

ፊግማን በ2012 የመሠረቱት የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ዲላን ፊልድና ኢቫን ዋላስ ሲሆኑ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነው በ2016 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ በዲዛይነሮች ዘንድ ገንኖ የነበረው በ2010 የወጣው ስኬች የተባለ የዲዛይን መሣሪያ ነበር፤ እርሱ ደግሞ በማክ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚጫን ነበር። የማክ ገደብ ለዲዛይን ክፍሉ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ተራ ኮምፒውተር ይዞ ጥያቄ ለሚመልስ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ግን ዲዛይኑ ተጠናቆና ተገንብቶ ለደንበኛ እስኪደርስ ድረስ ምንም አያይም ማለት ነበር። ፊግማ በብራውዘር ውስጥ የሚከፈት ሊንክ ሲያደርገው፣ በነገው ገጽ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ሰው ገጹን ዛሬ ማየት ቻለ። ከመሣሪያው ባሕርያት ሁሉ ለእኔ ቀዳሚው ይኸው ነው፤ ስለ ቀለምና ስለ ቅርጽ የሚወራው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ፕሮግራመር የነበረ ሰው ደግሞ በውስጣዊ አሠራሩ መደሰቱ አይቀርም። የሥዕል ሞተሩ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን፣ ድርጅቱ በ2017 ወደ ዌብአሴምብሊ (እንዲህ ያለ ኮድ በብራውዘር ውስጥ በፍጥነት እንዲሠራ ወደሚያደርግ ቴክኖሎጂ) ሲሻገር ፋይል ለመክፈት የሚወስደው ጊዜ ወደ ሢሶ መውረዱን ገልጾ ነበር። ብዙ ሰዎች በአንድ ፋይል ላይ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ለውጦቹ የሚታረቁበት መንገድም ቀላልና ብልህ ነው። ሰርቨሩ (ፋይሉ የሚቀመጥበት የድርጅቱ ኮምፒውተር) የእያንዳንዱን ቅርጽ እያንዳንዱን ባሕርይ ለየብቻ ይይዛል፤ አንዱ የአዝራሩን ቀለም፣ ሌላው ስፋቱን በአንድ ቅጽበት ቢለውጡ ሁለቱም ለውጦች ይጸናሉ፤ ሁለቱም ቀለሙን ከለወጡ ግን ዘግይቶ ሰርቨሩ ዘንድ የደረሰው ያሸንፋል። ድርጅቱ በ2019 ይፋ ባደረገው አሠራር መሠረት የጽሑፍ ይዘትም እንደ አንድ ባሕርይ ይቆጠር ስለነበር፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ በእኩል ሰዓት ቢጽፉ የሚቀረው የአንደኛቸው ብቻ ነበር። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ የደንበኞች አገልግሎት ሰዎች ፋይሉ ውስጥ ገብተው እጃቸውን የሚያሳርፉት በአብዛኛው በቃላቱ ላይ ነውና፣ በአንድ መልእክት ላይ ማን እንደሚጽፍ አስቀድሞ መነጋገር ይጠቅማል።

ፊግማ ከፕሮግራመር አስተሳሰብ ጋር በጣም የሚገጥመው በ2019 መጨረሻ በገባው አውቶ ሌይአውት ነው። በዚህ አሠራር ዲዛይነሩ ሣጥኖችን በዐይን ግምት አያስቀምጥም፤ ሕግ ይጽፍላቸዋል። አንድ ሣጥን በውስጡ ባለው ነገር ልክ እንዲሰፋና እንዲጠብ፣ የያዘውን ቦታ ሁሉ እንዲሞላ ወይም በተወሰነ ልክ እንዲቆይ ይታዘዛል፤ በመካከል የሚኖረው ክፍተትም በቁጥር ይወሰናል። የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ኮድ በሲኤስኤስ፣ በተለይ ሣጥኖችን በሚደረድርበት ፍሌክስቦክስ ለሠራ ሰው ይህ የቆየ ወዳጅ ነው፤ በ2023 የአነስተኛና የከፍተኛ ስፋት ገደብ ሲጨመርበት ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ጠበበ። «ላክ» የሚል አዝራር በቋሚ ልክ የሠራ ዲዛይነር፣ ቃሉ «የማረጋገጫ ኮዱን እንደገና ላክ» ሲሆን ጽሑፉ ከሣጥኑ ወጥቶ ሲፈስ ያያል፤ ሕግ የጻፈለት ግን አዝራሩ ራሱን ሲያሰፋ፣ ከጎኑ ያለውም ሲሸሽለት ይመለከታል። ኮድ የማያውቁ ዲዛይነሮች በዚህ ክፍል ሲንገላቱ አያለሁ። ሣጥን በሣጥን ውስጥ መሆኑ፣ ልጁ (የውስጠኛው ሣጥን) እንዲሞላ ታዝዞ እናቱ (የውጭው) በልጁ ልክ እንድትሰፋ ስትታዘዝ የሚፈጠረው ግጭት፣ ለፕሮግራመር የዘወትር ጉዳይ ሲሆን ለእነርሱ ግን አዲስ ፈተና ነው።

እዚህ ላይ ግን የደንበኞች አገልግሎት ትዝታ ከፕሮግራመሩ ደስታ ጋር ይጋጫል። ረጅም ጽሑፍ ከሣጥኑ እንዳይወጣ ፊግማ ትርፉን ቆርጦ ሦስት ነጥብ የማድረግ አማራጭ አለው፤ ገጹን በአንድ ጠቅታ ንጹሕ ያደርገዋል፣ ዲዛይነሩም ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። የተቆረጠው የግብይት መለያ ቁጥር ከሆነ ግን ደንበኛው ስልክ ደውሎ «ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ሲባል የሚያነበው የሚታየውን ነው፤ ስድስት አኃዝ ያነብና «ከዚያ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ» ይላል። በመስመሩ ማዶ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ሙሉውን ቁጥር ካላገኘ የደንበኛውን ጉዳይ መክፈት አይችልም። ፊግማ ይህን ጽሑፍ መቁረጥ ያስቸግራል ብሎ አያስጠነቅቅም፤ ሊያስጠነቅቅም አይችልም፣ ቁጥሩ በስልክ እንደሚነበብ አያውቅምና። የሚያውቀው ያንን ስልክ ያነሣ ሰው ብቻ ነው።

ሦስቱ ሙያዎች አንድ ላይ የሚፈለጉበትን ቦታ ለማሳየት ከክፍያ ገጽ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ብዙውን ጊዜ በዲዛይን ፋይሉ ውስጥ ሁለት ገጾች ይኖራሉ፦ «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴና «ስህተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ቀይ። ፕሮግራመር ግን ሦስተኛ ሁኔታ እንዳለ ያውቃል፤ ጥያቄው ሰርቨር ደርሶ፣ ገንዘቡ ተቆርጦ፣ መልሱ ግን በመንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። በስልኩ በኩል ሲታይ የተሳካውም ያልተሳካውም እኩል ዝምታ ነው። መተግበሪያው በዚህ ዝምታ ላይ ቀዩን ገጽ ካሳየ ደንበኛው እንደታዘዘው እንደገና ይሞክርና ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ደግሞ የዚህን መጨረሻ ያውቃል፤ የሚደውለው ደንበኛ የመጀመሪያ ጥያቄው «ገንዘቤ የት ነው?» የሚል ነው፣ የሠራተኛው መልስ ግን «ይጣራልዎታል» ከማለት አያልፍም። ዲዛይነሩ ሁለቱንም የሚያውቅ ከሆነ ሦስተኛ ገጽ ይሥላል፦ «ክፍያዎ እየተጣራ ነው። እባክዎ እንደገና አይክፈሉ፤ ውጤቱን እናሳውቅዎታለን» የሚል፣ ከሥሩም ሙሉ የግብይት ቁጥሩንና ቁጥሩን መቅጃ አዝራር የያዘ። ከፕሮግራመሩም ጋር ተነጋግሮ ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መለያ እንዲሰጠውና ያው መለያ ሁለት ጊዜ ቢመጣ ሰርቨሩ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያስከፍል ያስደርጋል፤ ያለዚህ የገጹ ቃል ብቻውን ደንበኛውን አያድንም።

ፊግማ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው እርዳታ ከፊል ነው። አንዱን ኮምፖነንት (አንዴ ተሠርቶ በየገጹ የሚደጋገም ክፍል) በተለያየ ሁኔታው፣ የተሳካ፣ ያልተሳካ፣ በመጣራት ላይ ያለ፣ ባዶ እያሉ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በቫሪያብል (ዋጋው በሚለዋወጥ መያዣ) እና በቅድመ ሁኔታ አማካኝነት የሙከራ ገጹ፣ ማለትም ዲዛይኑ እንደ እውነተኛ መተግበሪያ እየተነካ የሚሞከርበት፣ «ይህ ከሆነ ወደዚህ ሂድ» የሚል ሕግ ይቀበላል። ይሁን እንጂ የሙከራ ገጹ ኔትወርክ የለውም፤ የሚዘገይ፣ የሚቋረጥ፣ ግማሹ ብቻ የሚደርስ ነገር በውስጡ በራሱ አይከሰትም፤ ዲዛይነሩ አስቦ ካልሣለው በስተቀር ሁሉም ነገር ይሳካል። ለስብሰባ ሲቀርብ ይህ ማራኪ ነው፤ አዝራሩ ሲነካ የሚቀጥለው ገጽ ብልጭ ይላል፣ ተሰብሳቢውም ያጨበጭባል። መሣሪያው የሰመረለትን መንገድ እጅግ ቀላል፣ የተሰናከለውን መንገድ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ ስላደረገው፣ ጊዜ ያጠረው ቡድን የትኛውን እንደሚተው መገመት አያዳግትም። በእኔ ግምት የፊግማ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ለተወዳዳሪዎቹም የተረፈ በሽታ መሆኑን ሳልዘነጋ፣ ባዶ ፋይል ሲከፈት «ሲዘገይስ? ባዶ ሲሆንስ? ሲሳሳትስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ቀላል ነገር እንኳ ቢኖረው እላለሁ።

አስተያየት መስጫው ጥሩ ነው። አንድ ሰው በገጹ ላይ የፈለገውን ነጥብ ነክቶ ሐሳቡን ይጽፋል፣ የሚመለከተውን ሰው በስሙ ይጠራል፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ይዘጋዋል፤ ቲኬት (የተመዘገበ የደንበኛ ጥያቄ) ሲከፍትና ሲዘጋ ለኖረ ሰው ትምህርት የማይጠይቅ አሠራር ነው። ነገር ግን አስተያየቶቹ የሥራ ባልደረቦች ድምፅ ናቸው፤ የደንበኛው ድምፅ በፊግማ ውስጥ የተለየ ቦታ የለውም። እኔ የምከተለው መፍትሔ በእያንዳንዱ ፋይል መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ከፍቶ፣ ከቲኬቶች የተወሰዱ የደንበኞች ቃላትን ስምና ስልክ ቁጥር ካወጡ በኋላ እንዳሉ መለጠፍ ነው። «እንዳሉ» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። «ተጠቃሚዎች የማረጋገጫ ሂደቱን ይቸገሩበታል» የሚል ማጠቃለያ ማንንም አያነቃንቅም፤ «ኮዱ ሲመጣ ለማየት ስወጣ ገጹ ተዘግቶ ጠበቀኝ» የሚል አንድ መስመር ግን ፕሮግራመሩ መተግበሪያው ከኋላ ሲሆን የገጹን ሁኔታ እንዲይዝ፣ ዲዛይነሩም የኮድ ማስገቢያውን ቦታ እንደገና እንዲያስብ ያደርጋል።

በ2023 የቀረበው ዴቭ ሞድ፣ ዲዛይኑን ወደ ኮድ ለሚለውጥ ፕሮግራመር የተዘጋጀው የፊግማ ክፍል፣ የተሠራው ለቀድሞው ሙያዬ ነው፤ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮም ክፍያ ይጠየቅበታል። ርቀትን በቁጥር ያሳያል፣ ቀለሙን በስሙ ይጠራል፣ የትኛው ገጽ ለግንባታ ዝግጁ እንደሆነና ካለፈው ጊዜ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ያመለክታል። የመጨረሻው በተለይ ዋጋ አለው፤ በፕሮግራመርና በዲዛይነር መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ይህ መቼ ተለወጠ?» ከሚለው ነው። የሚያወጣውን ኮድ ግን እንዳለ ቀድቶ መለጠፍ አልመክርም። ፊግማ የሚያውቀው ሣጥንና ጽሑፍ ነው፤ ሣጥኑ አዝራር መሆኑን በስሙ ካልሆነ በስተቀር አያውቅም። የድረ ገጽ ክፍሎች በሚጻፉበት ቋንቋ በኤችቲኤምኤል እውነተኛ አዝራር በታብ ቁልፍ ይደረስበታል፣ በኢንተርና በስፔስ ቁልፍ ይታዘዛል፣ ለዐይነ ስውር ተጠቃሚ ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራምም አዝራር መሆኑን ይናገራል፤ አዝራር የሚመስል ተራ ሣጥን ግን ከእነዚህ አንዱንም በራሱ አያደርግም። ልዩነቱ በሥዕሉ ላይ ፈጽሞ አይታይም፣ በደንበኛው ዘንድ ግን መጠቀም በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ የቁልፍ ቅደም ተከተሉንና የእያንዳንዱን ነገር ምንነት ዲዛይነሩ በቃል መጻፍ አለበት። የጽሑፍና የዳራ ቀለም ልዩነትም እንዲሁ ነው፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል፣ በዲዛይነሮች ዘንድ የሚወደደው ፈዛዛ ግራጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ይወድቃል።

ድርጅቱን በተመለከተ ባጭሩ፦ የሶፍትዌር ድርጅቱ አዶቢ በመስከረም 2022 ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛ መስማማቱን አስታውቆ፣ የአውሮፓና የብሪታንያ የውድድር ተቆጣጣሪዎች ይሁንታ የሚገኝ ስላልመሰለ በታኅሣሥ 2023 ስምምነቱ ፈረሰ፣ አዶቢም 1 ቢሊዮን ዶላር የማፍረሻ ክፍያ ከፈለ፤ ፊግማ በሐምሌ 2025 አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ አቀረበ። ለተጠቃሚው የሚመለከተው ነገር ፋይሎቹ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ፣ በድርጅቱ የፋይል ዓይነት መቀመጣቸው ነው። ኢንቪዥን የተባለው፣ አንድ ወቅት በየቡድኑ የነበረ መሣሪያ፣ በ2024 መጨረሻ አገልግሎቱን መዝጋቱን ያየ ሰው ቅጂውን በየጊዜው ቢያወጣ አይከፋም። ያለ ኢንተርኔት መሥራትም ውሱን ነው፤ አስቀድሞ የተከፈተ ፋይል ላይ መቀጠል ቢቻልም ብዙው ነገር ኢንተርኔት ይፈልጋል።

በ2025 የቀረበው ፊግማ ሜክ፣ በጽሑፍ ለተነገረው ትእዛዝ የሚሠራ የሙከራ ገጽ የሚያመነጭ፣ ሌላ ሰፊ ጉዳይ ነው። ከላይ ለተነሣው ጉድለት ግን አንድ ተስፋ ይታይበታል፤ የሚያመነጨው እውነተኛ ኮድ በመሆኑ መዘግየትንና ስህተትን በውስጡ ማስገባት ይቻላል። ሆኖም ትእዛዙን የሚጽፈው ሰው «መልሱ ቢጠፋ» ብሎ ካልጠየቀ፣ ማሽኑ የሚሰጠው ያንኑ የተሳካ አረንጓዴ ገጽ ነው።

ለማን ይሆናል ለሚለው፦ ከሶፍትዌር ልማት ለመጣ ሰው ሳላመነታ እመክረዋለሁ፤ አውቶ ሌይአውትን፣ ኮምፖነንትንና ቫሪያብልን ከሚያውቀው ነገር ጋር እያያያዘ በፍጥነት ይይዛቸዋል። ከደንበኞች አገልግሎት በቀጥታ ወደ ዲዛይን መሻገር ለሚፈልግ ግን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ይሻላል። መጀመሪያ ኤችቲኤምኤልንና ሲኤስኤስን፣ ከዚያም አንድ ገጽ ከሰርቨር መረጃ ጠይቆ እንዴት እንደሚቀበልና መልስ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለማየት የሚበቃ ያህል ጃቫስክሪፕት (በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) ቢማር፣ ፊግማን ሲከፍት የሚያየው ሣጥን ምን እንደሆነ ይገባዋል። ለልምምድም አዲስ መተግበሪያ ከመፍጠር ይልቅ በሥራው ላይ ደጋግሞ የመለሰውን አንድ ጥያቄ ይምረጥ፤ ጥያቄው የሚነሣበትን ገጽ አሁን እንዳለ ይሣለው፣ ከጎኑ ጥያቄው የማይነሣበትን ይሣል፣ በመካከላቸው ደንበኞች የጻፉትን ይለጥፍ። ሥራ ቀጣሪ ፊት ሲቀርብ ከደርዘን ያማሩ ገጾች ይልቅ ይህ አንድ ፋይል የበለጠ ይናገርለታል። ለዚህ ልምምድ ነፃው ዕቅድ ይበቃል፤ ለዴቭ ሞድ መክፈል አብሮት የሚሠራ ፕሮግራመር ሲጠይቀው የሚደርስ ጉዳይ ነው።